ኑዛዜ ለማድረግ ጠበቃ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም?

በሰፈራችን አንድ አባት ነበሩ። ባለቤታቸው ከዓመታት በፊት አርፈዋል። አራት ልጆች አሏቸው፤ ሦስቱ ወጥተው የየራሳቸውን ኑሮ ይዘዋል። እሳቸውን ያስታመመችው፣ ያጠበችው፣ ሌሊት እየተነሳች ያገላበጠችው ቤት የቀረችው አንዷ ልጃቸው ነች። አባት ይሄን አይተው ሰፈር ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ሄዱና አንዲት ገጽ አስተየቡ። "መኖሪያ ቤቴን በሙሉ ለእሷ ተናዝዣለሁ" ይላል። ሦስት ጎረቤቶች ፈረሙበት። ወረቀቱ ፕላስቲክ ውስጥ ገብቶ ሳጥን ውስጥ ተቀመጠ።

አባት ሲያርፉ ወንድሞቿ ፍርድ ቤት ሄዱ፣ ወረቀቱ ፈረሰ። ልጅቷ እንደ ሦስቱ እኩል ሩቧን አገኘች። ቤቱም ለመከፋፈል ተሸጠ።

ያ ወረቀት ላይ የነበረው ስህተት አንድ አይደለም። ብንቆጥረው ሦስት ነው፤ ሦስቱንም ቀስ ብለን እናያቸዋለን። በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁን "ለኑዛዜ ጠበቃ ልያዝ ወይስ ራሴ ልጻፈው?" የሚለው ጥያቄም መልሱ እዚያው ውስጥ አለ።

በመጀመሪያ ግልጽ የሆነውን እንናገር። የኢትዮጵያ ሕግ ኑዛዜ በጠበቃ ይጻፍ ብሎ አያስገድድም። ውርስን የሚገዛው አሁንም በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። እዚያ ውስጥ ስለ ኑዛዜ ብዙ አንቀጽ አለ፤ ያለ ጠበቃ የተጻፈ ኑዛዜ ፈራሽ ነው የሚል ግን የለም። እንዲያውም ሕጉ ኑዛዜን ፍጹም የግል ሥራ ያደርገዋል። ማንም ሰው፣ ውክልና ያለውም ቢሆን፣ በእናንተ ፋንታ ኑዛዜ ሊያደርግ፣ ሊለውጥ ወይም ሊሽር አይችልም (አንቀጽ 857)። ጠበቃ ቃሉን ያስተካክላል፣ ይመክራል፣ ያዘጋጃል እንጂ ተናዛዡ እናንተ ናችሁ።

ሕጉ አጥብቆ የሚይዘው ነገር ፎርሙን ነው። ሦስት ዓይነት ኑዛዜ አለ።

የመጀመሪያው በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ይባላል። ተናዛዡ ራሱ ይጽፈዋል ወይም እሱ እየተናገረ ሌላ ሰው ይጽፍለታል። ከዚያ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ መነበቡ ብቻ አይበቃም፣ መነበቡና ቀኑ ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት። ከዚያ ሁሉም እዚያው፣ ወዲያውኑ፣ ይፈርማሉ ወይም የጣት አሻራ ያደርጋሉ። "እኔ ነገ መጥቼ እፈርማለሁ" አይሠራም። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ኑዛዜው ፈራሽ ነው (አንቀጽ 881)። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ግን ሁለት ምስክር ይበቃል (አንቀጽ 882)። ሁላችንም ዛሬም "ውልና ማስረጃ" የምንለው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ቢሮ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው በተናዛዡ የእጅ ጽሑፍ የሚደረግ ነው። ምስክር አይፈልግም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራሳችሁ እጅ ትጽፉታላችሁ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ትናገራላችሁ፣ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀን ጽፋችሁ ትፈርማላችሁ። ቀላል ይመስላል፣ ነውም። ነገር ግን ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ፦ እንዲህ ያለው ኑዛዜ በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል (አንቀጽ 902)። በ2008 ጽፋችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ የተዋችሁት ወረቀት ዛሬ ተራ ደብዳቤ ነው።

ሦስተኛው የቃል ኑዛዜ ነው፤ ሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው ለሁለት ምስክሮች የሚናገረው። አብዛኛው ሰው ኑዛዜ ሲባል ወደ አእምሮው የሚመጣው ይሄ ነው፦ አልጋ ዙሪያ ተሰብስቦ፣ የንስሐ አባት ተጠርቶ፣ "ቤቱን ለእገሌ፣ ላሟን ለእገሊት" የሚባልበት። ሕጉ ግን ለቃል ኑዛዜ የሚሰጠው ቦታ በጣም ጠባብ ነው። ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ስለ ትናንሽ ልጆች ጠባቂነት፣ እንዲሁም እያንዳንዳቸው ከ500 ብር ለማይበልጡ ስጦታዎች ብቻ ነው የሚሠራው። የ1952ቱ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ አንድ ኪሎ ሥጋ እንኳን መግዛቱ ያጠራጥራል፤ ቁጥሩን ግን ማንም አልነካውም። ተናዛዡ ተርፎ ከተነሳ ደግሞ ከ3 ወር በኋላ የቃል ኑዛዜው ይቀራል። ስለዚህ አልጋ ላይ የተነገረ "ቤቱን ለእሷ ሰጥቻለሁ" በፍርድ ቤት ዓይን ምንም አልተባለም።

አሁን ወደ እኚያ አባት እንመለስ።

የመጀመሪያው ስህተታቸው የታየ ነው። በኮምፒውተር የተተየበ ስለሆነ የእጅ ጽሑፍ ኑዛዜ አይሆንም። በግልጽ የተደረገ ነው እንዳይባል ምስክሮቹ ሦስት ናቸው፤ "ተነቧል" የሚል ቃልም የለበትም። ይሄን ለማስተካከል ጠበቃ አያስፈልግም ነበር። አንድ ተጨማሪ ጎረቤትና አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ "ይህ ኑዛዜ ዛሬ በዚህ ቀን በተናዛዡና ስማችን ከዚህ በታች በተጠቀሰው አራት ምስክሮች ፊት ተነቦ፣ ተናዛዡ ቃሌ ነው ብለው ካረጋገጡ በኋላ፣ ሁላችንም እዚሁ በአንድነት ፈርመናል።" ምስክሮቹ ዕድሜያቸው የደረሰ ይሁኑ፤ ከኑዛዜው የሚጠቀም ሰው ወይም የእሱ ባለቤት ባይሆኑ ይመረጣል። የእድር ሰዎች ጥሩ ናቸው፤ ወጣት ቢሆኑ ደግሞ ይሻላል። ይሄን ለማለት ቢከብደንም፣ ከተናዛዡ ቀድመው የሚሞቱ ምስክሮች ብዙ ጊዜ ችግር ናቸው።

ሁለተኛው ስህተት ከበድ ይላል። ቤቱ "በሙሉ" የእሳቸው አልነበረም። ቤቱ የተሠራው በትዳር ውስጥ ነው። በቤተሰብ ሕጉ በትዳር ጊዜ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም፣ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ተደርጎ ነው የሚቆጠረው። እናትየው ሲያርፉ ግማሹ የእሳቸው ውርስ ሆኖ ለአራቱ ልጆች እኩል ተላልፏል፤ ማንም አላካፈለውም እንጂ። አባት ሊናዘዙ የሚችሉት የቀረውን ግማሽ ብቻ ነበር። ካርታው ላይ ያለው ስም የሳቸው ስለነበረ ማንም አላሰበውም። ኮምፒውተር ቤት ያለው ልጅ ይሄን አይጠይቅም። ፍርድ ቤት በር ላይ ያለ ራፖር ጸሐፊም ላይጠይቅ ይችላል። ጠበቃ ግን የመጀመሪያ ጥያቄው ይሄ መሆን አለበት፦ "ባለትዳር ነዎት? ባለቤትዎ አሉ? ቤቱ መቼ ተሠራ?"

ሦስተኛው፣ በእኛ አስተያየት ዋናው፣ ሌሎቹን ልጆች በዝምታ ማለፋቸው ነው። በሕጉ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ወራሾች ናቸው፤ በጋብቻ ውስጥም ተወለዱ ከጋብቻ ውጪ፣ ወንድም ሆኑ ሴት፣ እኩል። ወላጅ ልጁን ከውርስ መንቀል ይችላል፤ ነገር ግን በኑዛዜው ላይ በግልጽ መንቀሉንና ምክንያቱን መጻፍ አለበት። ምክንያቱ በቂ መሆን አለመሆኑን ደግሞ ፍርድ ቤት ይመዝነዋል (አንቀጽ 938)። ሁሉንም ለአንድ ሰው ሰጥቻለሁ ማለት ብቻ ልጆችን መንቀል አይደለም። ከዚህም ሌላ፣ በኑዛዜ የተደረገ ክፍፍል ላይ የአንድ ልጅ ድርሻ ከሩብ በላይ ከጎደለ፣ ያ ልጅ ክፍፍሉ እንዲስተካከል የሚጠይቅበት በር አለው። ማለትም እኚያ አባት አራተኛ ምስክር ቢጨምሩም፣ "ተነቧል" ብለው ቢያስጽፉም፣ ክሱ አይቀርላቸውም ነበር።

ለልጅቷ ትንሽ አብልጠው ሊሰጡ የሚችሉበት መንገድ ነበር ወይ? ነበር። የሌሎቹን ድርሻ ሕጉ ከሚጠብቀው በታች ሳያወርዱ ለእሷ ከፍ ማድረግ፣ ወይም ያስታመመችበትን ድካምና ያወጣችውን ገንዘብ በሕይወት እያሉ በአግባቡ መክፈል፣ ወይም በቤቱ እንድትኖርበት መብት መስጠት። ይሄን አስልቶ በቃላት ማስቀመጥ ነው የጠበቃ ሥራ። የሚከፈለውም ለዚህ ነው፤ ለመተየቡ አይደለም።

እንግዲህ እኛ የደረስንበት ይሄ ነው። ጠበቃ ልያዝ ወይስ አልያዝ የሚለውን የሚወስነው የሀብታችሁ መጠን አይደለም። ሁለት ጥያቄ ነው የሚወስነው፦ ንብረቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው ወይ? ሕጉ ከሚሰጠው አሳንሼ የምሰጠው ሰው አለ ወይ?

ንብረታችሁ ግልጽ ከሆነ፣ ለልጆቻችሁ እኩል እንዲደርስ ከፈለጋችሁ፣ ጠብ ከሌለ፣ ጠበቃ አያስፈልጋችሁም። እንዲያውም ኑዛዜ ራሱ ላያስፈልጋችሁ ይችላል፤ ሕጉ ያንኑ ያደርግላችኋልና። ባታደርጉ ልጆቻችሁ ፍርድ ቤት ሄደው የወራሽነት ማስረጃ ያወጣሉ (አዲስ አበባ ከሆናችሁ የከተማው ፍርድ ቤቶች ናቸው ይሄን የሚሠሩት)፣ እኩል ይካፈላሉ። "ሰዓቴን ለትልቁ ልጄ፣ የቡና ስኒዎቹን ለታናሿ" ማለት ከፈለጋችሁ በእጃችሁ ጻፉ፣ ቀን አድርጉ፣ ፈርሙ፣ አስቀምጡ። ወይም መታወቂያችሁን ይዛችሁ ሁለት ምስክር አስከትላችሁ ውልና ማስረጃ ሂዱ።

አሁን ደግሞ ጠበቃ ብትይዙ ይሻላል የምንላችሁ።

ልጅ የሌላችሁ ባለትዳሮች። ይሄ ብዙ ሰው ሲሰማ ይደነግጣል፦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ባልና ሚስት አንዱ የሌላው ሕጋዊ ወራሽ አይደሉም። የሞተው ሰው ልጅ ከሌለው ወራሾቹ አባትና እናቱ ናቸው፤ እነሱ ከሌሉ ወንድምና እህቶቹ። ሚስት የጋራ ንብረቱን ግማሽ ትወስዳለች፤ የባሏን ግማሽ ግን አማቶቿ ሊወስዱት ይችላሉ። ሃያ ዓመት አብራው የገነባችውን ቤት ከባሏ ወንድሞች ጋር የምትካፈለዋ ሴት ታሪክ በየሰፈሩ አለ። መድኃኒቱ ኑዛዜ ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ተዋድደው በአንድ ወረቀት ላይ "አንዳችን ስንሞት ለሌላችን" ብለው ሁለቱም የሚፈርሙ ጥንዶች አሉ። ሁለት ሰው በአንድ ሰነድ ያደረገው ኑዛዜ ፈራሽ ነው (አንቀጽ 858)። ሁለት ወረቀት፣ ለየብቻ።

ሁለተኛ ትዳር ያላችሁ፣ ወይም ከትዳር ውጪ የተወለደ ልጅ ያላችሁ። ልጁን ብትደብቁት ከሞታችሁ በኋላ ይመጣል፤ መብቱም ሙሉ ነው። ኑዛዜ ካደረጋችሁ በኋላ ልጅ ከተወለደላችሁም ኑዛዜው ላይ ለሌላ ሰው የሰጣችሁት ሊቀር ስለሚችል እንደ አዲስ አስቡበት። ከተፋታችሁም እንደዚያው።

ልጅ ለመንቀል ያሰባችሁ። እዚህ ላይ መጀመሪያ ሽማግሌ፣ ቀጥሎ ጠበቃ እንላለን። የተናደደ ሰው የሚጽፈው ምክንያት ብዙ ጊዜ ፍርድ ቤት የሚያሳምን ምክንያት አይሆንም።

የንግድ ማኅበር ድርሻ፣ የባንክ ብድር ያለበት ቤት፣ ወይም ከወንድም ጋር በጋራ የተያዘ ውርስ ያላችሁም እንዲሁ።

የገጠር መሬት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የሚወረሰው የመጠቀም መብቱ ነው፤ ማን ሊወርስ እንደሚችል ደግሞ የፌዴራሉና የየክልሉ የገጠር መሬት ሕጎች ይወስናሉ። በአዲስ አበባ የተጻፈ ናሙና ገልብጣችሁ ለወሎ ወይም ለጎጃም መሬት አታውሉ። መጀመሪያ የወረዳውን የመሬት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

ሙስሊም ወገኖቻችን ውርሳቸው በሸሪዓ እንዲታይ ከፈለጉ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተቋቋሙት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች (በክልልም የክልሎቹ) አሉ፤ ዳኝነቱ የሚቆመው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው። እዚያ የድርሻውና የኑዛዜው ስሌት ከላይ ካልነው የተለየ ስለሆነ ሸሪዓውንም የሚያውቅ ሰው አማክሩ።

ውጭ ያላችሁ ደግሞ፣ በተለይ አሜሪካና ዓረብ አገር ሆናችሁ አዲስ አበባ ቤት የሠራችሁ፣ አንድ ነገር እንለምናችሁ። "ለወንድሜ ውክልና ሰጥቻለሁ፣ እሱ ያውቃል" ትሉናላችሁ። ውክልና በመርህ ደረጃ ወካዩ ሲሞት አብሮ ይሞታል (አንቀጽ 2232)። ወንድማችሁ በዚያ ወረቀት ከሞታችሁ በኋላ ልጆቻችሁን ወክሎ ቤት ሊሸጥ አይገባም፤ ከሸጠ ክስ ነው። ውክልና ለሕይወት፣ ኑዛዜ ለሞት ነው። በምትኖሩበት አገር የተደረገ ኑዛዜ እዚህ ላለ ቤት እንዲሠራም ሰነዱ የሚረጋገጥበት መንገድ ስላለ፣ እናንተ ጠበቃ ያዙ ከምንላቸው ሰዎች የመጀመሪያዎቹ ናችሁ።

"ለምን ኑዛዜ፣ በሕይወት እያለሁ በስጦታ አልሰጥም?" የሚል አለ። ይቻላል። ግን የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታም በግልጽ በሚደረግ ኑዛዜ ፎርም ነው የሚደረገው (አንቀጽ 2443)። ልዩነቱ ኑዛዜን ነገ መቀየር ትችላላችሁ፤ ስጦታን ግን ስም ከተዛወረ በኋላ መመለስ ጭንቅ ነው። በገዛ ቤታቸው እንግዳ የሆኑ እናቶችን አይተናል። እኛ ብንሆን አንቸኩልም።

ስለ ክፍያ። ብዙ ሰው ጠበቃን የሚፈራው ሙሉ ክርክር የሚያስይዘው ይመስል ነው። ለኑዛዜ ያን ያህል አያስፈልግም። ራሳችሁ ረቂቁን ጽፋችሁ "አንብብልኝ፣ የጎደለውን ንገረኝ" ብላችሁ የአንድ ጊዜ ምክር መግዛት ትችላላችሁ። ከመጀመራችሁ በፊት የጥብቅና ፈቃዱን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ ነውር አይደለም። ዋጋውን ቁርጥ አድርጋችሁ ተነጋገሩና በጽሑፍ አድርጉት። የውርሱን ፐርሰንት የሚጠይቃችሁ ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ፤ ኑዛዜ ማዘጋጀት ቤቱ ሁለት ሚሊዮን አወጣ ሃያ ሚሊዮን ሥራው ያው ነው። አቅም ከሌላችሁ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ መስጫ ማዕከላት አሏቸው፤ ፍርድ ቤቶች አካባቢ ታገኟቸዋላችሁ።

ስትሄዱ የጋብቻ ማስረጃ፣ የልጆች ስም ዝርዝር (ሁሉም ልጆች፣ ሁሉም)፣ የቤት ካርታ፣ የብድር ውል ካለ ውሉን፣ ባል ወይም ሚስት ሞተው ከሆነ የሞት ማስረጃና የወራሽነት ማስረጃ ይዛችሁ ሂዱ። የሟች ባለቤታችሁ ውርስ ካልተጣራ እሱን ሳትጨርሱ የራሳችሁን አትጀምሩ።

ከተፈረመ በኋላ ቢያንስ ሁለት ኦርጅናል ይኑር፤ አንዱ ውል አዋዋይ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ይቀመጥ። የት እንዳለ የሚያውቅ፣ ከኑዛዜው የማይጠቀም አንድ ሰው ይኑር። ውስጡ ያለውን ማወቅ አይጠበቅበትም፤ መዝገብ ቁጥሩን ብቻ ስልኩ ላይ ይያዝ።